አተላ አለ ብዬ ያስጻፍኩበት ቤት

በዚያ ቀን እዚያ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። አለቃዬ ኦቦ ጉተማ፣ የመጠጥና የትምባሆ ቁጥጥር ባለሙያ። የቀበሌው ተወካይ፣ ጃንጥላውን ከእጁ የማይለይ ወፍራም ሰው። አንድ ፖሊስ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው ብሎ ከደጅ የቀረ። የቤቱ ባለቤት ጥሩነሽ፣ እድርተኛዬ። ሦስት ጠጪዎች፤ ሁለቱ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር። እኔ፣ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛና የኦቦ ጉተማ ረዳት። ብርቱካን፣ የቤቱ ቀጂ፣ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ።

የቁጥጥር ቅጻችን ላይ «የተገኙ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ የመንግሥት ሰዎቹን በስም፣ ጥሩነሽን በስም፣ ጠጪዎቹን ደግሞ «ሦስት ደንበኞች» ብለን ጻፍን። ብርቱካንን አልጻፍናትም። ብርጭቆ ይዛ በመካከላችን ስትመላለስ እንደ ቤቱ ዕቃ ነው ያየናት።

ብርቱካን ዛሬ ዓይኗ አያይም። የት እንዳለችም አላውቅም። ከመሄዷ በፊት የነገረችኝ «ጌታ በቀመሰው አፌ ቀጣኝ» ብላ ነው። እሱ አልቀጣትም። ለዚህ ያበቃት ያን ቀን እኔ የተናገርኩት ቃል ነው፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም። የሚያውቃት ሰው አንብቦ እንዲነግራት ብዬ ነው የምጽፈው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል ስስት ልጄ ደረጀ ያርምልኛል፤ ነገሩን ግን እንዳይነካ አስምዬዋለሁ።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ክረምት ነው። በቢሮው አዳራሽ ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊው ከወረቀት እያነበበ «እንከን የሌለበት አገልግሎት» አለ፤ ተጨበጨበ። ከሚያጨበጭቡት መሐል እንከኑን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ እሳቸው አልተጠሩም። ጋቢውን አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስገባሁት ወዲህ አውጥቼ አላየሁትም። ያቺ «እንከን የሌለበት» የምትለዋ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ሥራ የጀመርኩት ቡራዩ ነው፤ አንድ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ። ደረጀን አርግዤ ነበር። ያኔ ባዶ ጠርሙስ ከየመንደሩ እየተለቀመ ይመጣል፤ ጋዝ የተቀዳበት፣ ዘይት የተቀዳበት፣ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ሳይቀር። ከመታጠቡ በፊት አንድ ሰው እያንዳንዱን ማሽተት አለበት። የፈረቃ አለቃችን «እርጉዝ አፍንጫዋ ስል ነው» ብላ እኔን አስቀመጠችኝ። የጠርሙሱን አፍ ወደ አፍንጫ አያስጠጉም። ከአገጭ ዝቅ አድርገው ይይዙና በሌላው እጅ ሽታውን ወደ ራስ ያራግባሉ። ጋዝ የነካው በሙቅ ውሃም በሶዳም አይለቅም፤ እሱ ይጣላል። «አንድ ብታመልጥሽ የምታርፈው ሰው አፍ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ያሳለፍኩትን መልሼ አሸታለሁ። ጓደኞቼ «ኧረ ሴትዮ፣ ጠርሙሱ ራሱ አፈረ!» እያሉ ይስቁብኛል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም አላመለጠኝም። ያ ጥንቃቄ ኋላ የት እንደሄደብኝ አላውቅም።

ከዚያ ባሌ ሥራ ሲያገኝ ሱሉልታ ገባን፤ ጤና ጣቢያ ጽዳት ሆንኩ። የሱሉልታ ብርድ ወለል ለሚያጥብ ሰው ምን እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰካራም በቃሬዛ ይመጣል፣ ያስመልሳል፣ እኔ እጠርጋለሁ። አንዷ ነርስ ትጠራኛለች።

«የደረጀ እናት፣ ይሄ ምን ጠጥቶ ነው?»

«ጠላና አረቄ ደባልቋል። ጫትም ቅሟል።»

«በቃ፣ ላብራቶሪው ተናገረ!» ትላለች ለሐኪሙ።

ሰካራሙ ራሱ ከሚመጣበት ቀን ይልቅ ሚስቱ የምትመጣበት ቀን ይበዛ ነበር። እሷ ምን እንዳገኛት ለማወቅ ማሽተት አያስፈልግም።

ባሌ ሲሞት እህቴ ወዳለችበት ወደ ዓለም ገና መጣሁ። ሰበታ ላይ አንድ የመንግሥት ቢሮ በጽዳት ቀጠረኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ እኔም እንጀራ በልቼበታለሁ። ደረጀን ለብቻዬ ሳሳድግ በር በገባ ቁጥር አፉን አሸተው ነበር። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉት፤ አሁንም አሸተዋለሁ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ጉምሩክ ነሽ፤ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትፈትሸኝም» ይለኛል። ይበል።

የመጠጥና የትምባሆ አዋጁ ሲወጣ የተደሰትኩት ለዚህ ነው። የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ጠፋ፣ ከመንገድ ዳር ሰሌዳም ወረደ። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጠጥ መሸጥ ተከለከለ። ሲጋራ በነጠላ መሸጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ማጨስ፣ ሁሉም ተከለከለ። እናት ነኝ፤ መንግሥት ልጄን ከእኔ ጋር ሊጠብቅልኝ ነው ብዬ አመንኩ።

ኦቦ ጉተማ እኔን ያወቁኝ ኮሪደር ስወለውል ነው። ለምርመራ የሚላክ አረቄ በጀሪካን ይዘው ሲያልፉ «ኦቦ፣ ያ ጀሪካን ናፍጣ ነበረበት» አልኳቸው። ቆሙ። አሸተቱ፣ አልሸተታቸውም። ባለቤትየዋን ሲጠይቋት እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለቁጥጥር ሲወጡ «ሃርሜ፣ ነይ» ይሉኛል። ሃርሜ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን እሳቸው ይበልጡኛል።

እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በር ላይ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የራሳቸውን ውሃና የራሳቸውን ዳቦ ይይዛሉ፤ ከሰው ቤት ውሃ እንኳ አይቀበሉም። «የጠጣሁበትን ቤት እንዴት አድርጌ አሽጋለሁ?» ይላሉ። ምንም ዕቃ ከመንካታቸው በፊት የሚመለከተውን አንቀጽ ቆመው ያነባሉ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። ባለቤትየዋ አሮጊት ከሆነች «ምን አልኩሽ እናቴ? እስቲ መልሺልኝ» ብለው መረዳቷን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያላዩትን አይፈርሙም። እኔ አየሁ ብላቸው እንኳ «አንቺ አየሽ፤ የሚፈርመው ዓይን ግን የኔ ነው» ብለው ሄደው ያያሉ።

ሲስቁ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንድ ሀጂ ነበሩ። የተከፈተ ፓኬት ተገኘባቸው።

«ሀጂ፣ በነጠላ መሸጥ ክልክል ነው።»

«ወላሂ አልሸጥኩም! ይመጣሉ፣ ራሳቸው አንድ ፍሬ ይመዛሉ፣ ሳንቲም ጥለው ይሄዳሉ። እኔ የማነሳው መሬት የወደቀውን ነው።»

«ታዲያ ሀጂ፣ የቅጣቱን ወረቀት ለመሬቱ ልስጥ?»

ሀጂም ሳቁ፣ ፓኬቱንም ራሳቸው አምጥተው አስረከቡ።

ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት የት ይገባ ነበር? ትልልቆቹ መጋዘኖች ጋ ስንሄድ ዘበኛው «ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። ኦቦ ጉተማ ኮፍያቸውን መልሰው ያደርጉና ወደ መንደር እንሄዳለን፤ ወደ ባልቴቶቹ፣ ወደ ጎጆዎቹ። ሕግ የሚገባው ዘበኛ የሌለው ቤት ነው። ሰበታ ወደ ሸገር ከተማ ስትጠቃለል የቢሮው ታፔላ ተቀየረ፣ ይህ ግን አልተቀየረም።

አረቄ ቤት ላይ ያስተማሩኝን ልናገር፤ ያለዚህ የሚቀጥለው አይገባም። «ጠርሙሱን አትዪ፣ ጓሮውን እዪ» ይሉኝ ነበር። አረቄ ራሷ የምታወጣ ሴት ጓሮዋ ውስጥ አመድ አለ፣ ጥቀርሻ የጠጣ ማሰሮ አለ፣ እንፋሎቱ የሚያልፍበት መቃ አለ፣ በርሜል ሙሉ አተላ አለ። አረቄ እየሸጠ አተላ የሌለው ቤት ከውጭ ይገዛል ማለት ነው። ከውጭ የሚገዛ ደግሞ የገዛው ምን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዱ ነጋዴ ለቀለምና ለፋብሪካ የሚውለውን አልኮል በውሃ አቅጥኖ በጀሪካን ያዞራል። እሱም ነጭ ነው፣ ያቃጥላል፣ ማንኪያ ላይ ቢለኩሱት ይነዳል። ምላስ አይለየውም። እኔም በአፍንጫዬ ሁልጊዜ አልለየውም። ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የሚያስታውቀው የጓሮው ባዶነት ብቻ ነው።

ጥሩነሽ ባሌ የሞተ ጊዜ ሰባት ቀን ከጎኔ መሬት ላይ የተኛች ሴት ናት። በፉሪና በዓለም ገና መሐል አረቄ ትሸጣለች። ድሮ ራሷ ታወጣ ነበር፤ ጓሮዋን ካየሁ ግን ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። አንድ ሐሙስ እድር ላይ ተገናኘን።

«ነገ እኛ በናንተ ሰፈር ነን» አልኳት።

«ምን ልታዩ?»

«ዕድሜ ይጠይቃሉ፣ ሲጋራ ያያሉ፣ ጓሮ ያያሉ።»

«ጓሮዬን ደግሞ ምን ሊያደርጉት?»

«አተላ ካለሽ ሊያዩ።»

«ኧረ በማርያም! አተላ የሚቆጥር መንግሥት!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለእድርተኛ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ አንሺ፣ ልጅ ካለ አስወጪ ማለት እንጂ ወንጀል አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። ኦቦ ጉተማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በዝናብ ቀን ይብስባቸዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው አንቀጹን አነበቡ። ብርቱካን ጥግ ቆማ ትሰማለች። ከቦዲቲ ናት የመጣችው፤ ዓለም ገና ፋብሪካ ሠርታ ሳይስማማት ለቃ ነው እዚህ የገባችው። ጥሩነሽ የቀጠረቻት ጴንጤ ስለሆነች ነው። «ዕቃዬን አትጠጣብኝም» ትል ነበር። ግን በዚያ ሰፈር አረቄ ቤቶች አንድ ወግ አለ፤ አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ቀጂዋ በቆቡ ትቀዳና ደንበኛው እያየ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም ለማለት ነው።

ሹፌሩ «ብርቱኬ፣ ቅመሺ እንጂ! ገዳይ ነሽ አስታማሚ?» አላት።

ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች፤ አፏን በሻሿ ጠረገች።

«ምነው ልጄ፣ ትጠጫለሽ እንዴ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አልጠጣም እትዬ። እቀምሳለሁ እንጂ። መቅመስና መጠጣት አንድ ነው እንዴ?»

ኦቦ ጉተማ ዕድሜዋን ጠየቋት። አሥራ ዘጠኝ አለች። ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ለሷ አልተሸጠላትም» አሉ። «ስለምትቀዳ ልጅ እዚህ የተጻፈ አላየሁም።» ወረቀቱን አጠፉት።

እኔ ጓሮ ወጣሁ። በርሜል አለ፣ አተላም ሞልቶታል። ግን የጠላ አተላ ነው። የጠላ አተላ ጥሬ ነው፣ ጌሾው ይታያል፣ ይኮመጥጣል። የአረቄ አተላ ተቀቅሏል፣ ግራጫ ነው፣ ያረረ ይሸታል። አመድ የለም። ማሰሮ የለም። ጭቃው ላይ በርሜሉ ከጎረቤት አጥር ድረስ የተጎተተበት መስመር አለ፤ ዝናቡ ገና አላጠፋውም። ጥሩነሽ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ የነገርኳትን ነው ያዘጋጀችው።

ኦቦ ጉተማ ከውስጥ ተጣሩ፤ «ሃርሜ! አተላ አለ?»

አንድ ጊዜ ዝም ብል በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ይመጡ ነበር፤ አውቃቸዋለሁ።

«አለ!» አልኩ።

ጻፉ። ፈረሙ። ከሌላ ባልቴት ብትገዛ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

አሥር ቀን ሳይሞላ ደረጀ ጠዋት ባጃጁን ሳያጠፋ እየሮጠ ገባ። «እማዬ፣ ጥሩነሽ ቤት ሰው ሞተ።» ሁለቱ የካባ ሠራተኞች ናቸው። ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሬሳው ጋ ነው። ብርቱካን አግዳሚ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ዓይኗን ታሻለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት? ማነው እርጥብ እንጨት የማገደው? ጭሱ አላሳይ አለኝ።»

የሚነድ እንጨት አልነበረም።

በደረጀ ባጃጅ አስፋልት ድረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት። እኔ ካርድ ለማውጣት ረጅም ሰልፍ ላይ ስውል እሷን አስገቧት። ኋላ እንደነገረችኝ ሐኪሙ «አልኮል ጠጥተሻል?» ይላታል። «አልጠጣም፣ አማኝ ነኝ» ትላለች። ደግሞ ይጠይቃታል። «በፍጹም፣ ዶክተር።» እውነቷን ነው፤ በሷ ቤት አልዋሸችም። ለሌላ ምርመራ ከክፍል ክፍል ሲያዞሯት ቆዩ። እኔ ደርሼ «ትቀምሳለች» ስል ቀኑ መሽቶ ነበር።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከስንት ጠርሙስ?»

«ከተከፈተው ሁሉ፣ በየቀኑ» አለች ብርቱካን። «ግን አንድ አንድ ቆብ ነው።»

ሕይወቷን አተረፉት። ዓይኗን አልቻሉም።

ጥሩነሽ ታሰረች። ምግብ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፊቷን ለማየት ከብዶኝ ሳህኑን እያየሁ ቆምኩ።

«አትፍሪ፣ ስምሽን አልጠራሁም» አለችኝ።

«ለምን?»

«እድርተኛዬ ነሽ። ሁለታችንም እዚህ ከገባን ማን ይቀብረናል?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለኦቦ ጉተማ ግን ነገርኳቸው፤ እድር ላይ ያልኩትንም፣ ጓሮ ያየሁትንም። ፋይሉን አወጡ፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የርስዎ። ግን አለ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኦቦ።»

«አንቺ አልሽ። እኔ ዝናብ ፈርቼ ተቀመጥኩ። ሃያ ስንት ዓመት ያላየሁትን አልፈረምኩም፤ አንድ ቀን ፈረምኩ፣ ሁለት ሰው ተቀበረ።» ኮፍያቸውን አነሱ። «የኔን እኔ እጽፋለሁ። ያንቺን አንቺ ጻፊ። ለሰው አልጽፍም።»

ጻፉ። ጓሮውን ሳላይ ፈርሜያለሁ ብለው ለኃላፊው አስገቡ። ሱሉልታ ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧቸው። እኔ አልጻፍኩም። ደረጀ ገና ባጃጁን እየከፈለ ነው፣ ጡረታዬ ቀርቧል፣ ብታሰር የልጅ ልጆቼን ማን ያያል እያልኩ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ዓመት ሆነ። ጠንቃቃ እናት ይሉኛል። ጥንቃቄዬ ሁሉ ለገዛ ቤቴ ነበር። አንድ ቀን ሱሉልታ ላይ ተገናኘን። «አካም፣ ሃርሜ?» ብለው ሰላም አሉኝ፣ ቆመው ግን አላወሩኝም።

ቢሮው ደግሞ ዘመቻ ጀመረ። ካኔቴራ ታተመ፣ ባነር ተሰቀለ። በዓለም ገና ራሳቸው የሚያወጡ ሴቶች ማሰሮ ተሰበረ፤ አተላ የነበራቸው፣ ንጹሕ የነበሩት። ጀሪካኑን በመኪና ያመጣውን ሰው የያዘው የለም። ሲፈልገውም ያየሁት የለም። ማሰሯቸው የተሰበረባቸው ሴቶች ዛሬ አንዳንዶቹ በጀሪካን ይገዛሉ።

ብርቱካን ከሆስፒታል ወጥታ ፉሪ አክስቷ ጋ ተቀመጠች። እሑድ እሑድ ዳቦ ይዤ እሄድ ነበር። በእግሬ ኮቴ ታውቀኛለች። «ጌታ ዓይኔን የወሰደው ለእንጀራ ብዬ ስለቀመስኩ ነው፤ የምዘምርበትን አፍ ሰጥቶኝ ነበር» ትላለች። ቤተ ክርስቲያኗ እንኳ መሄድ አፍራ ትታ ነበር። «አይደለም ልጄ፣ እኔ ነኝ» ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው «በልተሻል?» ነው። ስንት እሑድ «በልተሻል?» ብያት ተመለስኩ።

አንድ እሑድ ስሄድ ቤቱ ተቆልፏል። አከራዩ አክስቷ ዕቃዋን ጭና ሄዳለች አለኝ። አንዲት ጎረቤት ቦዲቲ ወስደዋታል አለችኝ፤ ቦዲቲ በሰው ስልክ አስደወልኩ፣ አልመጣችም አሉ። ሌላው ቡራዩ አንድ ጸሎት ቤት አይቻታለሁ አለ፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጣኋት። በሚኒባስ ውስጥ በሰው እጅ የተያዘች ልጅ ባየሁ ቁጥር እወርዳለሁ።

ብርቱካን አጠር ያለች ናት፤ ስታወራ የመጨረሻውን ቃል ትውጠዋለች፣ ዕቃ ስታጥብ ትዘምራለች። እባካችሁ፣ ያያት ሰው ካለ፣ ወይም አክስቷን የሚያውቅ፣ ወይም በቦዲቲ መንገድ በጸሎት ቤት በየትም ቦታ ዓይኗ የማያይ ብርቱካን የምትባል ልጅ የገጠመችው፣ የት እንዳለች ንገሩኝ። ዓለም ገና ባጃጅ ተራ የደረጀ እናት ብሎ የጠየቀ ያገኘኛል። በሕይወት መኖሯን ብቻ እንኳ የሚያውቅ ካለ፣ እሱንም ቢሆን ይላክልኝ።